ሃያ ሦስቱ ጠረጴዛዎች

የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ክፍል ከእሷ ቢሮ ፊት ለፊት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት በር ለበር ስንተያይ ኖረናል። እውነተኛ ስሟን የማያውቅ ሰው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ሞልቷል፤ «ባቡር» ከተባለ ግን ከጥበቃው እስከ ፕሬዚዳንቱ የማያውቃት የለም። ስሙን ያወጣላት አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነው ይባላል። አጠር ያለች ሴት ናት፤ ጫማዋ ዝርግ፣ ብብቷ ሥር ሁልጊዜ ቡናማ ፖስታ አለ። ከአንዱ ሕንፃ ወጥታ ወደ ሌላው ስትገባ አትሄድም፣ ትከንፋለች። ጥበቃው ታዲያ «ባቡሯ መጣች፣ ከሐዲዱ ላይ ዞር በሉ!» ይል ነበር አሉ። እሷም አልተቀየመችም። «ባቡሯስ ትደርሳለች፤ ፖስታው ነው የማይደርሰው» ትላለች።

ሥራዋ የሥርዓተ ትምህርት ሰነዶችን ማስፈጸም ነው። አንድ ትምህርት ክፍል አዲስ ፕሮግራም ሊከፍት ሲያስብ ሁለት መቶ ገጽ ገደማ ያለው ሰነድ ያዘጋጅና እኔ ጋ ይዞ ይመጣል። በስምንት ቅጂ አባዛለሁ፣ እጠርዛለሁ። ከዚያ ወዲያ ሰነዱ የባቡር ነው። ከትምህርት ክፍል ወደ ኮሌጅ፣ ከኮሌጅ ወደ ጥራት ማረጋገጫ፣ ከዚያ ወደ ሬጅስትራር፣ ወደ ምክትል ፕሬዚዳንቱ፣ በመጨረሻ ወደ ሴኔት። በደረሰበት ሁሉ ሸኚ ደብዳቤ ይጻፍለታል፣ ይፈረምበታል፣ ቲተርና ክብ ማኅተም ያርፍበታል። ሲያወሩት አጭር ነው፤ ሲሄዱበት ግን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

ከስድስት ዓመት በፊት የአዋላጅ ነርሶች ሰነድ ጠፋ። ዘጠኝ ወር ተፈለገ። ጥፋቱም የአብዬን ወደ እምዬ ሆነና በባቡር ላይ ተላከከ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። በአሥረኛው ወር የአንድ ኃላፊ ቢሮ ቀለም ሊቀባ ዕቃው ሲወጣ ሰነዱ ከአበባ ማሰሮ ሥር ተገኘ። ለካ ውሃው ምንጣፉን እንዳያበላሽ ሰው ከሥሩ አንጥፎት ኖሯል! «ይቅርታ» ያላት የለም። ማስጠንቀቂያውም ከግል ማኅደሯ አልወጣም።

ባቡር ያን ቀን አላለቀሰችም፤ ወጥታ ባለመስመር ደብተር ገዛች። ከዚያ በኋላ አንድም ፖስታ ሳይጻፍ ከእጇ አልወጣም። «ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ለኮሌጁ ጸሐፊ ሰጠሁ።» «ጸሐፊዋ ፈቃድ ወጣች፣ አሥራ ሰባት ቀን።» «ቲተሩ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ከባለቤቱ ጋር ስብሰባ ሄዷል።» ባለቤቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከሱፍ ቁራጭ ለየደብተሩ ሽፋን ሰፋላት። ደብተሮቹ አሥራ አንድ ደረሱ።

በነዚህ ደብተሮች ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ሰነድ ነበር። መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩ መምህራንን በዲግሪ ለማሠልጠን የተዘጋጀ ነው። ያዘጋጀው የምልክት ቋንቋ መምህሩ ነው፤ እሱም ራሱ መስማት የተሳነው፣ ረጅም፣ ባለመነጽር ሰው ነው። ሌላው መምህር ሰነዱ የት እንደደረሰ ስልክ ደውሎ ይጠይቃል። እሱ ግን በየማክሰኞው በእግሩ መጥቶ በሯ ላይ ይቆምና ቅንድቡን ወደ ላይ ያደርጋል። ሦስት ዓመት ሙሉ። ከእሱ መጀመሪያ የተማረችው ምልክት «ገና ነው» የሚለውን ነው፤ ቀጥሎ «ይቅርታ»ን። «ሰው ቋንቋ ሲማር በሰላምታ ይጀምራል፤ እኔ በይቅርታ ጀመርኩ» ብላ አንድ ቀን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ባለፈው የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ መጣ። የሥርዓተ ትምህርት ማጽደቅ ሥራ ከወረቀት ወጥቶ በኢንተርኔት ሊሆን ነው ይላል። ግቢው ሳቀ። «እስካሁን ‹ፈራሚው የሉም› ነበር፤ አሁን ደግሞ ‹ሲስተም የለም› ሊሉን ነው» አሉ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ወረቀት ከቀረ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ ሰው ምን ይሠራል?

ሲስተሙን የምትሠራው ፕሮግራመር ጸጉሯን አጠር አድርጋ የተቆረጠች፣ ስትናገር የምትፈጥን ወጣት ናት። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ባቡር ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበረች፤ እኔ የተባዛ ወረቀት አዳይ። የቢሯችን ኃላፊ ተነሳና ነጩ ሰሌዳ ላይ አምስት ሳጥን ሣለ።

«አምስት ደረጃ ነው» አለ። «ቀላል ነው።»

ባቡር ሳቀች። አፏን ብትይዝም አመለጣት።

«ምን ያስቃል?» አለ ኃላፊው።

«ኧረ ምንም። እየጻፍኩ ነው።»

ፕሮግራመሯ ግን ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች። «አይ እትዬ፣ ይንገሩኝ። ስንት ነው?»

«ሃያ ሦስት።»

«ሃያ ሦስት ምን?»

«ሃያ ሦስት ጠረጴዛ» አለች ባቡር። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ኃላፊዎቹ አምስት ናቸው፣ እውነት ነው። ወረቀት ግን ዝም ብሎ ኃላፊ ጋ አይገባም፣ ልጄ። መጀመሪያ ጸሐፊ ጋ ይሄዳል፣ ከዚያ ባለሙያ ጋ፣ ከዚያ ማኅተም ያዥ ጋ፤ ከዚያ ዞሮ ጸሐፊዋ ጋ ይመለሳል። ኃላፊው ፊት የሚውለው አንድ ቀን ነው፤ በራፉ ላይ የሚከርመው ሦስት ወር።»

የኃላፊው ጆሮ ቀላ።

«ይሄን በምን ያውቃሉ?» አለች ፕሮግራመሯ።

«ጽፌዋለሁ።»

ወጥታ ደብተሮቹን ልታመጣ ሄደች፤ ለብቻዋ ስለሚከብዳት ግማሹን እኔ ተሸከምኩ። ፕሮግራመሯ የመጀመሪያውን ከፍታ ሁለት ገጽ አነበበች፣ ሦስት ገጽ አነበበች፤ ከዚያ እመር ብላ ተነሳች። «ስድስት ወር ሙሉ ደንብ ሳነብ ነበር! የምፈልገው እኮ ይሄን ነበር!» ብላ ሰሌዳው ላይ ያሉትን አምስት ሳጥኖች በክንዷ ጠረገቻቸው። ኃላፊው ሊቆጣ አስቦ ነበር መሰለኝ፤ ግን እሱም አጎንብሶ ማንበብ ጀመረ። ስለ ራሱ በር የተጻፈውን ሲያገኝ «ይሄ እንኳን ትንሽ ተጋኗል» አለ።

«ቀኑ ተጽፏል፣ ጌታዬ» አለች ባቡር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። አንዷ ታነባለች፣ አንዷ ኮምፒውተር ላይ ትመታለች። እንደ በሬ ሲሠሩ ከረሙ ብል አላጋነንኩም፤ ሳቃቸው ግን እኔ ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። ሲደመር አንድ ሰነድ በአማካይ አሥራ አራት ወር ይፈጃል። ከዚያ ውስጥ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሃያ ሁለት ቀን ብቻ! የቀረው መጠበቅ ነው። ከሃያ ሦስቱ ጠረጴዛዎች አሥራ አራቱ ተቀብሎ ከማሳለፍ በቀር ሥራ የላቸውም። ዘጠኝ ቀሩ።

ባቡር ሦስት ነገር ጠየቀች። አንደኛ፣ ሰነዱ አሁን የት እንዳለ ያዘጋጀው ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ይየው። ሁለተኛ፣ ፈራሚው መንገድ ከሄደ ሰነዱ በራሱ ጊዜ ወደ ተወካዩ ይለፍ። ሦስተኛውን ስትናገር ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሰነዱን እስከ መጨረሻው ገጽ ያልከፈተ ሰው፣ ‹አጽድቅ› የሚለው ቁልፍ አይሥራለት።»

«ሳያነቡ የሚፈርሙ አሉ እንዴ?»

«አይ ልጄ! ሸኚውን ብቻ አይተው የሚፈርሙትን ልቁጠርልሽ ብል አሥራ ሁለተኛ ደብተር ልገዛ ነው።»

ያን ሰሞን ግን ደስታዋ ውስጥ ስጋት ገባ። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ባለቤቷ ሱቅ ሄደችና ገና ያልተሰፋ ጨርቅ ላይ ዘፍ አለች።

«አንተዬ፣ በገዛ እጄ ራሴን ከሥራ ላስወጣ ነው መሰለኝ። ሁሉም ሰው ሰነዱን በራሱ ካየው እኔ ለምን እፈለጋለሁ?»

ባለቤቷ መርፌውን ከከንፈሩ ላይ አነሳ። «የስፌት መኪና የመጣ ጊዜ አባቴ መርፌውን ይዞ አለቀሰ። ወር ሳይሞላው መኪናውን እንዳንነካበት ይቆጣን ጀመር።»

«አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር በስፌት ትለካለህ።»

«ታዲያ በምን ልለካው፣ በእግርሽ? ጫማሽን በዓመት አራት ጊዜ የማስጠግነው እኮ እኔ ነኝ። ተነሺ ከጨርቁ ላይ፣ የሰው ሱሪ ነው።»

ይህን ስትነግረኝ በሳቅ ፍርስ ብላ ነው።

በአዲሱ መንገድ እንዲሄድ የተመረጠው የመጀመሪያው ሰነድ የምልክት ቋንቋ መምህሩ ሆነ። ሰኞ ጠዋት ገባ። ሴኔቱ የሚሰበሰበው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ያ ካለፈ የሚቀጥለው ከአራት ወር በኋላ ስለሆነ የዓመቱ ተማሪ ቅበላ ያመልጣል። የኮምፒውተሩ ማያ ላይ ለየጠረጴዛው አንድ፣ ዘጠኝ ክብ ተደርድሯል፤ የሚጠብቀው ቢጫ፣ ያለፈው አረንጓዴ፣ የተመለሰው ቀይ። ረቡዕ ማታ ከቢሮ ስንወጣ አራቱ አረንጓዴ ሆነዋል። እኔ እንኳን፣ እንጀራዬን ሊያሳጣኝ የመጣውን ነገር፣ ወደ ቤቴ እየሄድኩ በስልኬ ሁለት ጊዜ ከፍቼ አየሁት!

አምስተኛው የኮሌጁ ዲን ነው። ጡረታ የደረሰ ፕሮፌሰር ነው፤ በቀለም ብዕር ካልሆነ አይፈርምም። «ቀለም የሌለው ፊርማ እንባ የሌለው ለቅሶ ነው» ይላል። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይም ቢጫው ቢጫ ነው። ባቡር ተነሳች። እኔም ወረቀት የማደርስ መስዬ ተከተልኳት።

«ፕሮፌሰር፣ ሰነዱ እርስዎን ብቻ ነው የሚጠብቀው።»

«ወረቀቱን አምጪልኝ አንቺ ባቡር፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

«ወረቀት የለውም።»

«ታዲያ በምን ልፈርም? በዚህች አይጥ?» አለ፣ ማውሱን በጣቱ ገፋ አድርጎ።

«በእሷ» አለች ባቡር፣ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «አይዞዎት፣ አትናከስም።»

ዲኑ ሳይወድ ሳቀ። ሰነዱን አወጣችለት። እሱም በቀጥታ ሄዶ «አጽድቅ» የሚለውን ተጫነ። ምንም የለም። ደግሞ ተጫነ።

«ተበላሽቷል።»

«አልተበላሸም። ሰነዱን አላዩትም እኮ።»

ዲኑ ከመነጽሩ በላይ አያት። «ይህን ማን ነው ያሰበው?»

«እኔ ነኝ» አለች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዲኑ ወደ ማያው ዞረ። ከዚያ እጅጌውን ጠቅልሎ «በሩን ዝጉልኝ» አለና ማንበብ ጀመረ።

አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዓት ሆነ። ባቡር ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች። አምስት ከአሥር ላይ በሩ ተከፈተና ጠራን። «ኑ እስቲ እዩ። ሁለተኛ ዓመት ላይ የትርጉም ልምምድ የሚባል ኮርስ አለ። እሱን ለመውሰድ ቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ የሚሰጠው መቼ ነው? ሦስተኛ ዓመት! ተማሪው እንዴት አድርጎ ነው የሚወስደው፣ ወደ ኋላ እየሄደ?» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ይሄን ሰነድ እኮ ከሁለት ዓመት በፊት ፈርሜበታለሁ።»

«ፈርመውበታል» አለች ባቡር። «ሌሎች ስድስት ሰዎችም።»

ዲኑ አስተያየቱን ጻፈና ሰነዱን መለሰው። ክቡ ቀይ ሆነ።

የቢሯችን ኃላፊ ራሱን ያዘ። «አለቀልን!» በወረቀቱ ዘመን የተመለሰ ሰነድ ቢፈጥን አምስት ወር ነው። የምልክት ቋንቋ መምህሩ ግን መልእክቱ እዚያው ክፍል ውስጥ እያስተማረ ስልኩ ላይ ደርሶት ነበር። እየሮጠ መጣ። ባቡር ገጹን አሳየችው፤ አየና ግንባሩን በመዳፉ መታ። የእሷ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠና ሁለቱን ኮርሶች አቀያየረ፣ የየመንፈቁን ክብደት አስተካከለ። ጣቶቹ ሲፈጥኑ እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ አተያየብ አላየሁም።

አሁን የትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ አራት አባላት እንደገና መስማማት አለባቸው። ሦስቱ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከያሉበት አጸደቁ። አራተኛዋ የእህቷ ሠርግ ላይ ልትገኝ በአውቶቡስ እየሄደች ነው፤ ስልኳ ኔትወርክ የለውም። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ተኩል። ማንም ምሳ አልሄደም፣ ሁላችንም በባቡር ቢሮ ማያው ላይ ተኮልኩለን ቆመናል። ስድስት ከሃምሳ ላይ አረንጓዴ በራ!

«አውቶቡሱ ኮረብታ ወጣ መሰለኝ» አለች ፕሮግራመሯ፣ ወንበሯ ላይ እየዘለለች።

ዲኑ በዚህኛው ዙር የተቀየሩትን ገጾች ብቻ ነው ያነበበው። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ የባቡር ስልክ ጮኸ። «በአይጥ ፈረምኩ!» ሲል ድምፁ ለሁላችንም ተሰማ። ጥራት ማረጋገጫው ስምንት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው አሳለፈ። ሬጅስትራሩ ስምንት ከሃያ። ስምንተኛው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ለጉባኤ ሌላ አገር ሄዷል። በድሮው ጊዜ ቢሆን ፖስታው በሩ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። አሁን ግን ዓይናችን እያየ ስሙ ጠፋና የተወካዩ ስም ብቅ አለ።

ባቡር እዚያ ላይ አልቻለችም። መሮጥ እንደማያስፈልግ ታውቃለች፤ እግሯ ግን ማን ይንገረው! ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጣች። ተወካዩ ሴኔቱ አዳራሽ በር ላይ ሻይ ይዞ፣ ስልኩ ላይ አጎንብሶ ሲያነብ አገኘችው። ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ እስከ መጨረሻው ገጽ ዘለቀና አጸደቀ።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አላት።

«ኧረ ምንም። እንዲያው ላይዎት ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማያው በፕሮጀክተር አዳራሹ ግድግዳ ላይ ታየ፤ አንድ ቢጫ ክብ ብቻ ቀርቷል። ዲኑ ተነስቶ ተናገረ። «ይህን ሰነድ ከሁለት ዓመት በፊት ሳላነብ ፈርሜበታለሁ። ዛሬ አንብቤ ፈርሜያለሁ። ልዩነቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ይመልከት።» አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ቀስ ብሎ ገጹን መፈለግ ጀመረ። ድምፅ ተሰጠ። አንድም ተቃውሞ የለም። ዘጠነኛው አረንጓዴ ሆነ።

ሰው ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ፣ ሰነዱን ሊያስረዳ ተጠርቶ የነበረው የምልክት ቋንቋ መምህሩ ፊት ለፊት ቆሞ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ መዳፎቹን አርገበገበ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚያጨበጭቡት እንዲህ ነው። ቀድሞ የገባው ዲኑ ነበር፤ እሱም እጆቹን አነሳ። ከዚያ ሬጅስትራሩ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። አንዲት ድምፅ የለም፤ የሚታየው የሚርገበገብ እጅ ብቻ ነው። ባቡር ከኋላ በር ሥር ቆማለች። ሁለት እጇ አፏ ላይ ነበር፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጥቷል፣ እንባዋ ግን መንገዱን አላጣም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለወጠ። ፕሮግራመሯ ለፕሬዚዳንቱ በጻፈችው ዘገባ ላይ የሥራው መሠረት የማን ደብተር እንደሆነ በግልጽ አስቀመጠች፤ ፕሬዚዳንቱም የባቡርን ማኅደር አስመጥቶ ያን ማስጠንቀቂያ በራሱ እጅ አወጣው። ባቡር የሲስተሙ አስተባባሪ ሆነች፤ በየወሩ ወደ ሌሎቹ ካምፓሶች እየሄደች ታሠለጥናለች። ባለቤቷ «የባቡር ባል መሆን ማለት ጣቢያ ላይ መጠበቅ ነው» እያለ ያማርራል፤ በጎረቤት ሁሉ ፊት ግን ያሞግሳታል። የእኔም ክፍል ግማሹ የሥልጠና ክፍል ሆኗል። ሁለት ማባዣ ማሽን ሄደ፣ አንድ ቀረ። እኔ አሁን ይለፍ ቃላቸውን ለሚረሱ ሰዎች አዲስ እሰጣለሁ፤ ወረቀት ያልቃል፣ ይሄ ግን አያልቅም።

አዲሱ ፕሮግራም ሠላሳ ስምንት ተማሪ ተቀበለ። ትምህርቱ በተጀመረ ቀን ጠዋት ባቡርና እኔ በዚያ በኩል ስናልፍ በሩ ክፍት ነበር። ባቡር ቆመች። ውስጥ የምልክት ቋንቋ መምህሩ የተማሪዎቹን ስም አንድ በአንድ በጣቶቹ ይጠራል፤ ተማሪዎቹም እየተከተሉ ይሞክራሉ፤ አንዳንዱ ይሳሳታል፣ ይስቃሉ። በሩ አጠገብ የተቀመጠች ልጅ ቀና ብላ አየቻት።

«እትዬ፣ ተመዝግበዋል እንዴ?» አለቻት፣ አጠገቧ ካለው ባዶ ወንበር ላይ ቦርሳዋን እያነሳች።

ባቡር አየችኝ። «ቢሮውን ክፈትልኝ» አለችና ቁልፏን አቀብላኝ ገባች። እስከ አራት ሰዓት አልወጣችም።